ምዕራፍ 6፦ ሲነኩት ዝም የሚል ድምፅ

ባሕር ዳር ውስጥ ኮብልስቶን የለበሰ መንገድ ሁሉ የሞተር መመርመሪያ ነው። አስፋልት ላይ ኮርቶ የሚሄድ ሞተር ድንጋዩ ላይ ሲወጣ የደበቀውን ሁሉ ያወጣል። የእኔም እዚያው አወጣ። የፊት ፍሬን ሸራ ባስቀየርኩ በሦስተኛው ቀን ከፊት ጎማው በኩል፣ ጣሳ ውስጥ ያለ ሳንቲም የሚያሰማው ዓይነት «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ጀመረኝ። አስፋልት ላይ ስወጣ ይጠፋል፤ ድንጋይ ላይ ስገባ ይመለሳል።

ሸራውን ወደቀየረልኝ ጋራዥ ሄድኩ። ወጣቱ መካኒክ አንድ ዙር ነድቶት መጣና «አዲስ ሸራ ስለሆነ ነው፤ ሲለምድ ይተዋል» አለኝ። ሳምንት ጠበቅኩ፤ አልለመደም። በሳምንቱ ሌላ ሰፈር፣ ከአንድ ዋርካ ሥር ዕቃቸውን ዘርግተው የሚሠሩ አዛውንት መካኒክ ዘንድ አቆምኩት።

«ጋሼ፣ የፊት ፍሬኔ ይንቀጫቀጫል።»

መፍቻ አላነሡም። «መቼ?» አሉኝ።

«ሁልጊዜ።»

«ሁልጊዜ የሚባል ድምፅ የለም ልጄ። ስትይዘው ነው ስትለቀው?»

መልስ አልነበረኝም። ሳምንት ሙሉ በድምፁ ስናደድ እንጂ አንዴም አላዳመጥኩትም። «በል ሂድና ድንጋዩ ላይ ንዳው። ሲጮህ ፍሬኑን በአንድ ጣት ዳበስ አድርገው፣ አትያዘው፤ ከዚያ መጥተህ ንገረኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሄድኩ፤ ጮኸ። በአንድ ጣት ዳበስ ሳደርገው ሞተሩ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ ድምፁ ቀጥ አለ። ጣቴን ሳነሣ ተመለሰ፤ መልሼ ስነካው ጠፋ። መጥቼ ስነግራቸው ሣቅ አሉ። «እንግዲያው ግማሹን ሥራ አንተ ጨርሰኸዋል።»

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ግማሽ ሥራ ነው። ቀሪው ግማሽ አንድ መፍቻ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል።

ፍሬን በክፍተት ይኖራል

የዲስክ ፍሬን ከድምፅ ጋር ያለው ጠብ ከልደቱ ይጀምራል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ባስመዘገበ ጊዜ ዲስኩን የሚነክሰውም የሚነከሰውም ብረት ነበር፤ ብረት በብረት ሲያዝ ደግሞ ጩኸቱ ሰው የሚያስበረግግ ነበር። መፍትሔው በሁለቱ መካከል ሌላ ነገር ማስገባት ሆነ። የድሮ የፍሬን ሽፋኖች በእርግጥም ከተሸመነ ጨርቅ ይሠሩ ስለነበር «ሸራ» የሚለው የጋራዦቻችን ስም ከነገሩ ብዙም አይርቅም። በሞተር ሳይክል ላይ የዲስክ ፍሬን በሰፊው የታወቀው ግን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ሆንዳ ሲቢ 750 በዘይት የሚሠራ የፊት ዲስክ ይዞ ገበያ ከወጣ በኋላ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቀኝ እጅዎ ያለውን እጀታ ሲስቡ ከላይ ያለው ትንሽ ፓምፕ የፍሬን ዘይቱን በቱቦ ወደ ታች ይገፋል። ዘይቱ እንደ አየር አይታመቅምና ግፊቱን ሳያባክን ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን ባቀፈው ካሊፐር ውስጥ ለተቀመጠው ፒስተን ያደርሳል። ፒስተኑ ሸራውን፣ ሸራው ዲስኩን ይጫናል። በከተሞቻችን በብዛት በሚታዩት ባለ150 እና ባለ180 ሲሲ ሞተሮች ላይ፣ የፊቱ ፍሬን ዲስክ ከሆነ፣ ፒስተኑ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ነው ያለው። ታዲያ የማዶውን ሸራ ማን ይገፋዋል? ካሊፐሩ ራሱ። ካሊፐሩ በሁለት ፔርኖዎች ላይ እንደ ጠረጴዛ መሳቢያ ስለሚንሸራተት፣ ፒስተኑ በወዲህ ሲገፋ ካሊፐሩ በወዲያ ይሳብና የማዶውን ሸራ ጎትቶ ከዲስኩ ጋር ያገናኘዋል።

እጀታውን ሲለቁ ፒስተኑን የሚመልሰው ደግሞ ሞላ ሳይሆን ዙሪያውን የከበበው ጎሚኒ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒው አብሮት ይለመጣል፤ ግፊቱ ሲለቅ ወደ ቅርጹ ይመለሳል፣ ሲመለስም ፒስተኑን ጥቂት ይዞት ይመለሳል። ጥቂት ሲባል የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ የአንድ ደብተር ወረቀት ውፍረት። ነጻ የሆነ ጎማና የታሰረ ጎማ የሚለያዩት በዚህች ወረቀት ነው።

እንግዲህ ይቁጠሩ። በሸራውና በዲስኩ መካከል ክፍተት አለ። ሸራው በተንጠለጠለበት ፔርኖና በሸራው ቀዳዳ መካከል ክፍተት አለ፤ ከሌለ ሸራው አይንቀሳቀስም። በካሊፐሩና በሚንሸራተትባቸው ፔርኖዎች መካከልም ክፍተት አለ። ሦስቱም ሆን ተብለው የተተዉ ናቸው። ክፍተት ባለበት ደግሞ ኮብልስቶን ሲመጣ መንኳኳት አይቀርም።

ታዲያ ደኅና ሞተር ለምን አይንቃጨልም? ክፍተቱን ሳይደፍኑ ዝም የሚያሰኙ ሁለት ጠባቂዎች ስላሉት ነው። አንደኛው በሚንሸራተቱት ፔርኖዎች ላይ ያለው ስስ የግሪስ ሽፋን ነው። ሁለተኛው ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ፣ ከማይዝግ ስስ ላሜራ የተቆረጠች፣ ካሊፐሩ ጣሪያ ላይ ተሸጉጣ ሸራዎቹን ከላይ ወደ ታች የምትጫን ሞላ ናት። ሸራውን እንዳይንሸራተት አታስረውም፤ እንዳይዘል ብቻ ትይዘዋለች። ፍሬን ሲንቀጫቀጭ ከሁለቱ አንዱ ጠፍቷል፣ ደክሟል፣ ወይም ያለ ቦታው ገብቷል ማለት ነው።

ጣቴ ድምፁን ያጠፋችውም በዚህ ምክንያት ነው። ዳበስ ሳደርገው ዘይቱ ሸራዎቹን ከዲስኩ ጋር አጣበቃቸው፤ የተያዘ ነገር ደግሞ አይንቃጨልም።

ከመፍታትዎ በፊት አራት ጥያቄዎች

መካኒኩ «መቼ?» ያሉት በአራት መንገድ ሊመለስ ይችላል። እያንዳንዱ መልስ ወደ ሌላ ቦታ ይመራል።

*ፍሬኑን ሲነኩ ይጠፋል?* እንግዲያው ነገሩ ካሊፐሩ ውስጥ ነው። ለማረጋገጥ ሞተሩን ያጥፉ፣ ዲስኩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ከዚያ ካሊፐሩን በመዳፍዎ ጎን መታ መታ ያድርጉት። ያው ቀጭቀጭታ ይሰማል። አሁን ሌላ ሰው እጀታውን ይያዝልዎትና ደግመው ይምቱት። ዝም ካለ ሌላ ቦታ አይፈልጉ።

*ፍሬኑን ሲይዙ ብቻ ይመጣል?* ይህ ቀጭቀጭታ ሳይሆን አንዴ «ቋ» የሚል ወፍራም ድምፅ ነው፤ ብዙ ጊዜም ፍሬኑን አያማም። ፍሬን ሲያዝ የሞተሩም የነጂውም ክብደት ወደ ፊት ይጋደማል፤ ያን ሸክም የሚቀበለው የመሪው አንገት ነው። የአንገቱ ኩሽኔታ ከላላ በየፍሬኑ ይመታል። ሞተሩን አቁመው የፊት ፍሬኑን ይያዙ፣ የሌላውን እጅዎን ጣቶች የመሪው አንገት ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ያሳርፉ፣ ከዚያ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዝውዙት። ጣትዎ ሥር ትንሽ መራመድ ከተሰማዎት ኩሽኔታው ማጥበቅ ወይም መቀየር ይፈልጋል። አንገቱ ደኅና ከሆነ የፊት አሞርዛተሮቹ ውስጥ ያሉት ቡሾች ተበልተው ይሆናል። ከሁሉ በፊት ግን ካሊፐሩን ከአሞርዛተሩ ጋር የሚያስሩትን ሁለት ብሎኖች በመፍቻ ይፈትሹ። እነሱ ከላሉ ሞተሩ ከቆመበት መነሣት የለበትም።

*ከጎማው ዙር ጋር ይቆጠራል?* ሲፈጥኑ ይፈጥናል፣ ሲዘገዩ ይዘገያል፤ እንደ ሰዓት ይመታል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተው በእጅዎ ያሽከርክሩት። ድምፁ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከመጣ ዲስኩ ተጣሟል፣ ወይም ዲስኩን ከቸርኬው ጋር የሚያስረው ብሎን ላልቷል፣ ወይም ጠጠር ገብቷል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ወደ ጎን ሲወዘውዙት ከተራመደ የጎማው ኩሽኔታ አርጅቷል። ፍሬን ሲይዙ እጀታው ጣትዎን እየገፋ የሚመልሰው ከሆነም ዲስኩ ውፍረቱ እኩል አይደለም ወይም ተጣሟል ማለት ነው። ብዙ አምራቾች ዲስክ ወደ ጎን እንዲያወላግድ የሚፈቅዱት ከ0.3 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ በዓይን እስኪታይ ከተወላገደማ ከልኩ አልፏል።

*ፍሬን ቢያዝም ባይያዝም አይለወጥም?* ፍሬኑን ይተዉት። የፊት ጭቃ መከላከያውን፣ የመብራቱን ማሰሪያ፣ ሰሌዳውን፣ ጡሩንባውን አንድ በአንድ በእጅዎ እየጨበጡ ይወዝውዙ። አንዲት የላላች የመከላከያ ብሎን ስንት ደኅና ካሊፐር አስፈትታለች!

ፌስታሉ ውስጥ የነበረችው

አዛውንቱ ካሊፐሩን አንዴ በመዳፋቸው መቱት፤ ቀጭ አለ። እኔ እጀታውን ያዝኩ፣ እሳቸው ደግመው መቱት፤ ዝም አለ። ሁለቱን ማሰሪያ ብሎኖች ፈትተው ካሊፐሩን ከዲስኩ ላይ አወጡት፣ ገልብጠው ወደ ብርሃን አዙረው ጣሪያውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አሮጌውን ሸራ ሰጥተውሃል?»

ሰጥተውኛል። አዲስ ዕቃ መግባቱ እንዲታመን አሮጌውን በፌስታል ጠቅልሎ መስጠት የጋራዥ ደንብ ነው፤ እኔም እንደተሰጠኝ መቀመጫው ሥር ወርውሬው ነበር። አወጣሁት። ሁለት ያለቁ ሸራዎች፣ ጥቁር የፍሬን አቧራ፣ ከሥር ደግሞ ጠርዟ የተለመጠ፣ አቧራ ያጠቆራት አንዲት ትንሽ ላሜራ።

ለሳምንት ያህል የፈለግኩት ዝምታ ተቀምጬበት ነበር።

ወጣቱ መካኒክ ተንኮል አልነበረበትም። ሸራውን ሲያወጣ አብራ ወድቃለች፤ ያለሷም ካሊፐሩ ይገጠማል፣ ፍሬኑም ይይዛል። ትርፍ የመሰለው ዕቃ ከአሮጌው ጋር ሄደ። አዛውንቱ ላሜራዋን በሳሙናና በጥርስ ብሩሽ አጥበው በሁለት ጣት ጨመቅ አድርገው ለቀቋት፤ ተመለሰች። «ትመለሳለች፣ ገና ነች» አሉ። ባትመለስ ኖሮ አዲስ ማስገዛት ነበረባቸው፤ ተለምጣ የቀረች ሞላ ላሜራ ናት እንጂ ሞላ አይደለችም።

ሥራው ከነቅደም ተከተሉ

ሞተሩን በመካከለኛው ማቆሚያ ላይ ያቁሙት፤ ከሌለው እንዳይወድቅ አስደግፈው ይሰሩት። ሸራው ያለበት ፔርኖ ብዙ ጊዜ ካሊፐሩ ከተፈታ በኋላ ስለሚያስቸግር፣ ካሊፐሩ ገና እንደታሰረ ፔርኖውን ብቻ ላላ ያድርጉት። ከዚያ ማሰሪያ ብሎኖቹን ፈትተው ካሊፐሩን ያውጡ። በዘይት ቱቦው አያንጠልጥሉት፤ በሽቦ ወይም በገመድ ከአሞርዛተሩ ጋር ይሰሩት። ካሊፐሩ ወጥቶ ሳለ የፍሬን እጀታውን አይንኩ፤ ፒስተኑ ዘሎ ይወጣል።

ሸራዎቹን አውጥተው ውፍረታቸውን ይዩ። አብዛኞቹ አምራቾች ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ይቀየር ይላሉ። አንዱ ሸራ ከሌላው አብልጦ ካለቀ ካሊፐሩ መንሸራተት ትቷል ማለት ነው። ዲስኩ ላይ ደግሞ አምራቹ የፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረት ተቀርጾ ያገኛሉ፤ ከዚያ የሳሳ ዲስክ አይጠገንም፣ ይቀየራል።

አቧራውን በአፍዎም ሆነ በኮምፕረሰር አይንፉት። በተለይ በድሮ ሸራዎች ውስጥ የነበረው አስቤስቶስ ሳንባን የሚጎዳ በመሆኑ አቧራን ማርጠብ ጥሩ ልማድ ነው። በሞቀ የሳሙና ውሃና በብሩሽ ይጠቡት። በቤንዚን ወይም በናፍጣ ማጠብ የጋራዦቻችን ትልቁ ስሕተት ነው፤ ጎሚኒው ያብጥና ፒስተኑን አንቆ ይይዘዋል። በዚያ ላይ ቤንዚን ሲደርቅ የሚያስቀረው ቅባት ሸራው ውስጥ ይገባል።

አሁን የሚንሸራተቱትን ሁለት ፔርኖዎች ከጎማ ከረጢታቸው አውጥተው ይዩአቸው። ደርቀው የዛጉ ከሆነ በጨርቅ ይጥረጉ፣ ዝገቱን በላመ ብርጭቆ ወረቀት ያንሡ። ጥፍርዎን በርዝመታቸው ሲያስኬዱ የሚያደናቅፍ ጉድጓድ ካለ ግን ግሪስ አያድነውም፤ ፔርኖው ይቀየር። ደኅና ከሆነ የሲሊኮን ግሪስ በስሱ ይቀቡት። ለኩሽኔታ የሚሆነው ተራ ግሪስ ከነዳጅ ዘር ነውና የጎማ ከረጢቱን ያሳብጣል። ከረጢቱ ከተቀደደ ውሃና አቧራ ስለሚገባ እሱም ይቀየር።

ላሜራዋን ወደ ቦታዋ ይመልሱ። አንዳንዶቹ ላይ አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ፤ ተገልብጣ ከገባች ሸራውን ከመጫን ይልቅ ታነሣዋለች፣ ድምፁም እንዳለ ይቀራል። ሸራዎቹን ሲያስገቡ በጣትዎ ወደ ላይ ይግፏቸው፤ ላሜራዋ ስትገፋዎ ሊሰማዎት ይገባል። ሲለቁ መመለስ አለባቸው፣ ወደ ጎን ሲገፉ ግን ያለ ችግር መሄድ አለባቸው። ሙሉ ሥራው በዚህ አንድ ፈተና ይለካል፦ ወደ ላይ የተያዘ፣ ወደ ጎን ነጻ።

አዲስ ሸራ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑን ወደ ውስጥ መግፋት ይኖርብዎታል። ከመግፋትዎ በፊት ዙሪያውን ያጽዱ፣ በቀስታም ይግፉት፤ የተመለሰው ዘይት ከላይ ካለው ዕቃው ሞልቶ ከፈሰሰ ቀለም ይበላልና ጨርቅ ያንጥፉ። ካሊፐሩን መልሰው በአምራቹ ልክ ካጠበቁ በኋላ፣ ከሁሉ የሚረሳውን ነገር አይርሱ፦ ከመንቀሳቀስዎ በፊት እጀታውን ጠንካራ እስኪሆን ደጋግመው ይሳቡት። ፒስተኑ ገና ከሸራው ስላልደረሰ የመጀመሪያው መሳብ ባዶ ነው። ይህን ረስቶ ከጋራዥ በር ላይ በቀጥታ መንገድ ውስጥ የገባ ሰው ፍሬን የሌለው መሆኑን የሚያውቀው ፍሬን ሲያስፈልገው ነው። አዲስ ሸራ ካስገቡም የመጀመሪያዎቹን ከ20 እስከ 30 ፍሬኖች ከመካከለኛ ፍጥነት በልኩ እየያዙ ያለምዱት።

ዝምታ ሁሉ ጤና አይደለም

ፍሬንን ዝም ለማሰኘት ከዚህ የቀለለ መንገድ አለ፤ ብዙ ቦታም ይሠራበታል። ሸራው ጎን የቆርቆሮ ቁራጭ መሸጎጥ፣ ላሜራዋን አጣሞ ከልክ በላይ ማጥበቅ፣ ሸራውን በማስቲሽ ከፒስተኑ ጋር ማጣበቅ። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል፤ የሚጠፋው ግን ክፍተቱ አብሮ ስለጠፋ ነው።

እንደሱ ዝም የተሰኘ ሞተር ይዘው ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ደጀን ላይ ደረሱ እንበል። ከፊትዎ ዓባይ በረሃ ነው፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። የተሸጎጠው ሸራ ሲለቁት አይመለስም፤ ዲስኩን እየላሰ ይወርዳል። ዲስኩ ይግላል፣ ሙቀቱ በሸራው አልፎ ፒስተኑን፣ ፒስተኑ ዘይቱን ያሞቃል። አዲስ ዶት 4 ዘይት ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳይፈላ ተደርጎ የተሠራ ነው። ነገር ግን የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ውሃ ለጠጣ ዶት 4 ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለውም ለዚህ ነው። ዘይቱ ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። እጀታውን ሲስቡ እስከ መሪው ይመጣል፣ ጎማው ግን አልሰማም።

የሚንቀጫቀጭ ፍሬን ቢያንስ ይናገራል። ቆርቆሮ የተሸጎጠበት ፍሬን የሚናገረው ቁልቁለቱ መሐል ነው።

በትልልቅ ሞተሮች ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ያጋጥማል፤ የሚንቃጨለው ጤነኛ ነው። የነዚህ ዲስክ ከሁለት ክፍል የተሠራ ነው፦ ውጩ የብረት ቀለበት፣ ውስጡ ከአሉሚኒየም የተሠራ እምብርት፤ በመካከላቸው ትንንሽ የብረት ቁልፎች አሉ። ቀለበቱ ሲግል እንዲሰፋና እንዳይጣመም ሲባል ቁልፎቹ ላይ ላላ ብሎ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ሞተር ሲገፉት ወይም ቀዝቃዛ ሳለ ድንጋይ ላይ ሲነዱት ለስለስ ያለ መንቀጭቀጭ ቢያሰማ ይተዉት፤ ቁልፎቹን ከተጠራቀመ አቧራ ማጽዳት ይበቃዋል። ወደ ጎን በግልጽ የሚወዛወዝ፣ ቁልፎቹ የተበሉ ዲስክ ሲሆን ግን ይቀየራል።

አዛውንቱ ሥራቸውን ጨርሰው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ካሊፐሩን በመዳፋቸው መቱት። የተሰማው የመዳፍ ድምፅ ብቻ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ሆን ብዬ በኮብልስቶኑ መጣሁ። ከፊት በኩል ጸጥ ብሏል። ነገር ግን ፊቱ ዝም ሲል እስከዚያ ቀን ያልሰማሁት ነገር ከኋላ መጣ፤ ደረቅ፣ እየቆራረጠ የሚመጣ ቅጭልጭልታ። ፍሬኑን በአንድ ጣት ነካሁ፤ አልተለወጠም። ነዳጅ ሰጠሁ፤ ጠፋ። ነዳጁን ስለቅ ተመለሰ። ቆሜ ወረድኩና ሰንሰለቱን ከታች በጣቴ ወደ ላይ ገፋሁት፤ ሁለት ጣት ያህል ተነሣ፣ ሦስት፣ አራት። የሚቀጥለው ምዕራፍ የሚጀምረው ከዚህ ነው።